የሞተርን የኤሌክትሪክ መስመር ማወቅ ንብረትን መጠበቅ ነው
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላትና ለሾፌሮች የቀረበ ንግግር)



የአርሶ አደሩ ምርት ገበያ የሚደርሰው በመኪና እንደሆነ ይታወቃል። እህል የጫነ መኪና መንገድ ላይ ሲቆም ዝናብ የሚመታው የአባላት ጤፍ፣ የሚያመልጠውም የአባላት ገበያ ነው። መኪናውን ያቆመው ግን ብዙ ጊዜ የሞተር መሰበር ሳይሆን አንዲት የላላች ሽቦ ትሆናለች።

የመስኖ ውሃ ማሳ ላይ ደርሶ ይቀራል። ኤሌክትሪክ ግን ወደ መጣበት ካልተመለሰ ሥራ አይሠራም። ከባትሪው ፖዘቲቭ ወጥቶ በሽቦ ይሄዳል፤ ሥራውን ሠርቶ በሞተሩና በሻንሲው ብረት አድርጎ ወደ ኔጋቲቭ ይመለሳል። ስለዚህ ኔጋቲቩን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ገመድ ከዛገ ወይም ከላላ፣ ባትሪው አዲስ ቢሆንም ሞተሩ አይነሣም።

ከባትሪው ወደ ሞተሪኖ የሚሄደው ገመድ ወፍራም የሆነው፣ ሞተሪኖ ሞተሩን ሲያዞር በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ስለሚስብ ነው። ከቁልፉ የሚመጣው ቀጭን ሽቦ ሥራው ሞተሪኖውን ማዘዝ ብቻ ነው። ቁልፉ ሲዞር «ቀጭ» ብሎ ዝም ካለ፣ በመጀመሪያ የሚታዩት የባትሪው ጉልበትና የገመዶቹ ጫፍ ናቸው።

ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞው ነው። ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሞልቶ ሲያርፍ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ሞተሩ እየሠራ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ሊደርስ ይገባል። ሁለት ባትሪ ተቀጣጥሎ በ24 ቮልት በሚሠራ የጭነት መኪና ቁጥሩ እጥፍ ይሆናል። የባትሪ ምልክት ያለባት መብራት ቁልፍ ሲከፈት መብራት፣ ሞተሩ ሲነሣ መጥፋት አለባት። ጉዞ ላይ ከበራች ቺንጋው ተበጥሶ ወይም ዲናሞው መሙላት አቁሞ ሊሆን ስለሚችል ቆሞ ማየት ያስፈልጋል።

ከሁሉ የከፋው ጥፋት በፊውዝ ላይ የሚፈጸመው ነው። ፊውዝ የሚቃጠለው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው። ባለ 10 አምፔር ፊውዝ ተቃጥሎ በቦታው ሚስማር ወይም የሲጋራ ወረቀት ከገባ፣ በሚቀጥለው ጊዜ የሚግለው ሽቦው ራሱ ነው። ሽቦው የሚያልፈው ደግሞ በነዳጅ ቱቦ አጠገብ ነው። ለጥቂት ብር ሲባል መኪናውም ጭነቱም አመድ ሊሆን ይችላል። ፊውዝ ደጋግሞ ከተቃጠለ የተላጠውን ሽቦ ፈልጎ ማግኘት እንጂ ትልቅ ፊውዝ መተካት መፍትሔ አይደለም።

ስለዚህ ሾፌሮች በየሳምንቱ የባትሪውን ጫፎች ያጽዱ፣ ያጥብቁም፤ ብረት የሚፈትገውን ሽቦ ይሸፍኑ፤ ትክክለኛ መለዋወጫ ፊውዝ ይያዙ። ባትሪ ሲፈታ ኔጋቲቩ ይቅደም፣ ሲታሰር ኔጋቲቩ ይከተል። ሞተሩ እየሠራ ባትሪ መንቀል ዲናሞውን ስለሚያበላሽ ፈጽሞ አይደረግ። የማኅበራት አመራሮችም ለዚህ ጥገና የሚሆን ጊዜና ገንዘብ አይንፈጉ።

«ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ የጋራ ንብረት የሚጠበቀው ጉዳት ሳይደርስ ነው።

መልካም በዓል!