የቤተ ክርስቲያናችን መስኮቶች፦ ክፍተትን ስለ መዝጋትና ወንፊት ስለ ማልበስ

(በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ ለሚገኙ አጥቢያዎች የሰበካ ጉባኤ አባላትና ካህናት የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ዛሬ በፊታችሁ ልንናገርበት የወደድነው ጉዳይ መስኮት ነው። ስለ ጣሪያና ስለ ቅጽር ብዙ ጉባኤ ተደርጓል፤ ለቆርቆሮ መዋጮ ሲጠየቅም ምእመናን ፈጥነው ይሰጣሉ። ለመስኮት ግን የሚሟገትለት የለም። ሆኖም ብራናውን የሚያረጥበው ውኃ፣ ሥዕሉን የሚያጠቁረው አቧራ፣ ቅኔ ማኅሌቱን የሚያቆሽሸው የሌሊት ወፍ ብዙ ጊዜ የሚገባው በደንብ ባልገጠመ መስኮት ነው።

አስቀድመን ስሙን ባንጠራው በሚሻል በአንድ ደብር የሆነውን እንናገር። የሰበካ ጉባኤው አባላት የሌሊት ወፍ ኩስ መጥረግ ቢያታክታቸው የመስኮቶቹን ክፍተት ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ በሲሚንቶና ከከተማ በተገዛ የአረፋ መሙያ ደፈኑት። የሌሊት ወፉ ጠፋ፤ ሁሉም ደስ አለው። ክረምቱ ሲወጣ ግን የመቅደሱ ሥዕል ግርጌ ሻጋታ ለብሶ፣ ሥዕሉ ያረፈበት ጨርቅም ከግድግዳው እየለቀቀ ተገኘ። በእርጥበት አብጦ ከሲሚንቶው ጋር የተያያዘ አንድ የጥንት መዝጊያም በግድ ሲከፈት ለሁለት ተሰነጠቀ። ሥራው በቅን ልቡና የተሠራ ነበር። እኛም በጊዜው ምክር ተጠይቀን «መልካም ነው» ብለን ስለ ነበር ጥፋቱ የእኛም ነው። ስለዚህ ዛሬ የምንናገረው ከዚያ የተማርነውን ነው፤ ይኸውም ክፍተትን ከመድፈን በፊት ከምን እንደ መጣና ምን እንደሚያስገባ መመርመር እንደሚገባ ነው።

ሀገራችንን እናውቃለን። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ከፍታ ያለፈች ደጋ ናት፤ በዓመት 1,300 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛውም የሚዘንበው በክረምቱ ወራት ነው። በረዶውና ነፋሱ ዝናቡን አግድም ይነዱታል። በበጋ ደግሞ ፀሐዩ እንጨቱን ያደርቀዋል፤ አቧራው ይነሣል። ስለዚህ አንድ የእንጨት መስኮት በዓመት ሁለት ጠባይ አለው፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል። በጥር ወር ስፋቱን ለክተን አጥብቀን የገጠምነው መዝጊያ በሐምሌ አይከፈትም። በሐምሌ የገጠምነው ደግሞ በጥር ጣት ያስገባል። አናጢው በበጋ ሲገጥም ዙሪያውን 3 ሚሊ ሜትር ያህል እንዲተውና ያን ክፍተት በላዩ በሚደረብ ቀጭን ጠፍር እንዲሸፍነው የምንመክረው ስለዚህ ነው።

በአጥቢያዎቻችን የሚገኙት የሚዞሩ መስኮቶች በሁለት ይከፈላሉ።

የመጀመሪያው የአባቶቻችን ሥራ ነው። በጎጃም ክብ አብያተ ክርስቲያናት፣ እንዲሁም በጣና ዙሪያ ባሉት ገዳማት እንደምናየው፣ የጥንቱ መዝጊያ የብረት ማጠፊያ የለውም። ከወፍራም ጣውላ ተጠርቦ፣ ከአንድ ጠርዙ ላይና ታች ጉጥ ይወጣለታል፤ ጉጦቹ በላይኛውና በታችኛው መቃን በተፈለፈለ ጉድጓድ ውስጥ ይዞራሉ። የመዝጊያው ክብደት ሁሉ የሚያርፈው በታችኛው ጉጥ ላይ ነው። ዘመን ሲቆጠር ጉጡ ያልቃል፤ መዝጊያው ይወርዳል። ያን ጊዜ በላይ በኩል ክፍተት ይታያል፤ በታች በኩል ደግሞ ጥጉ መቃኑን ይፍቃል። እኛ የምናየው የላዩን ክፍተት ስለ ሆነ የምንደፍነውም እርሱን ነው። በሽታው ግን ከሥር ነው። መድኃኒቱም ቀላል ነው፤ መዝጊያውን በጥንቃቄ አንሥቶ፣ የታችኛውን ጉድጓድ ጠርጎ፣ ከወይራ የተቆረጠ ክብ ቁራጭ ወይም የነሐስ ቀለበት ከጉጡ ሥር ማስቀመጥ ነው። መዝጊያው ወደ ቀድሞ ቦታው ሲመለስ የላዩ ክፍተት ያለ ምንም መሙያ ይዘጋል።

የታችኛው ጉድጓድ ሌላም ችግር አለበት፤ የክረምት ውኃ ያቁርና ጉጡን ያበሰብሳል። ከጉድጓዱ ወደ ውጭ ዘቅዝቃ የምትወጣ ጠባብ ቦይ ብትበጅለት ውኃው አይቆምም። መዝጊያው በጉጡ በኩል ያለው ጠርዝ እንዲዞር ሲባል የግድ ጥቂት ክፍተት ይኖረዋል። ይህን ስንሸፍን የሽፋኑን ጠፍር በመቃኑ ላይ እንጂ በመዝጊያው ላይ አንምታ፤ በመዝጊያው ላይ ከሆነ መዞር ይከለክለዋል። ደረቁን እንጨት በተፈላ የተልባ ዘይት መቀባት ይጠቅማል። ነገር ግን ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተተወ ራሱን አሙቆ ሊነድ ይችላልና ጨርቁን ከቤተ ክርስቲያኑ ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁ፤ በዕቃ ቤት ከቶ አታሳድሩት።

ሁለተኛው ዓይነት በኋላ ዘመን በተሠሩ የጉባኤ አዳራሾች፣ ጽሕፈት ቤቶችና ዕቃ ቤቶች የሚገኘው የብረት መስኮት ነው። ይህ በመካከሉ ባለ አግድም ዘንግ ላይ ይዞራል፤ ሲከፈት የላይኛው እኩሌታ ወደ ውስጥ ይገባል፣ የታችኛው እኩሌታ ወደ ውጭ ይወጣል። ብዙ በያጆች የሚሳሳቱት በዚህ ነው። የማሸጊያውን ጎማ ዙሪያውን በአንድ ወገን ይለጥፉና መስኮቱ አልከፈት ይላል፤ ወይም ጎማው በሦስተኛው ቀን ተገንጥሎ ይወድቃል። ትክክለኛው አሠራር ይህ ነው፤ የላይኛው እኩሌታ ወደ ውስጥ ስለሚከፈት መደገፊያውና ጎማው በውጭ በኩል ይሆናሉ፤ የታችኛው ወደ ውጭ ስለሚከፈት በውስጥ በኩል ይሆናሉ። ጎማው ዘንጉ ዘንድ ይቆረጣል፤ ወገንም ይቀይራል። በዚያ በተቆረጠበት ስፍራ የምትቀረውን ቀዳዳ ከውጭ በኩል በምትደረብ ትንሽ የላሜራ ክዳን መሸፈን ይገባል፤ የክረምት ነፋስ ውኃውን የሚያስገባው በእርሷ ነውና። ለጎማው አዲስ ዕቃ መግዛት ግድ አይደለም፤ ያረጀ ካላማዳሪያ በቀጭኑ ቢቀደድ ያገለግላል። ብረቱ ግን አስቀድሞ ከዝገት ተፍቆ ፀረ ዝገት ቀለም ይቀባ።

እዚህ ላይ ለዕቃ ቤት ጠባቂዎች አንድ ማሳሰቢያ አለን። ጎማ ድኝ አለበት፤ ድኝም ብርን ያጠቁራል። የብር መስቀል፣ ጽናጽልና አክሊል በሚቀመጡበት ቤት በጎማ ፈንታ በአራት የታጠፈ የአቡጀዲ ጥብጣብ ተጠቀሙ። ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና ወይም ዝተትም ለዕቃ ቤት አይሆንም፤ ብል ይስባልና፤ ብሉም ወደ አልባሳቱ ይሻገራል።

አሁን ወደ ወንፊቱ እንምጣ። ወንፊት የምናለብሰው አየር እንዲገባ፣ ሌላው እንዲቀር ነው። ስለዚህ የሚከለከለው ማን እንደ ሆነ ሳይታወቅ ወንፊት አይገዛም። ለወፍ፣ ለሌሊት ወፍና ለአይጥ ቀዳዳው 6 ሚሊ ሜትር የሆነ የሽቦ ወንፊት ይበቃል። እርሳስ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ትንሿን አይጥ ያሳልፋልና ከዚህ አይስፋ። ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርዱት የቆላ አጥቢያዎች ግን ወባ ስላለ፣ በተለይ የአብነት ተማሪዎችና አገልጋዮች በሚያድሩባቸው ቤቶች፣ ቀዳዳው ከ1.2 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር የሆነ የትንኝ ወንፊት ያስፈልጋል። ይህ ረቂቅ ወንፊት አቧራ ፈጥኖ ይደፍነዋልና በየወሩ በለስላሳ ብሩሽ ይጠረግ።

በመካከሉ በሚዞር መስኮት ላይ ወንፊቱን በመስኮቱ ልክ መወጠር አይቻልም፤ መስኮቱ ሲዞር ይቀድደዋልና። መፍትሔው በውጭ በኩል እንደ ሣጥን የወጣ ወንፊት መሥራት ነው። የመስኮቱ ቁመት አንድ ሜትር ቢሆን የታችኛው እኩሌታ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት 50 ሴንቲ ሜትር ይወጣል፤ ይህን ያህል ሣጥን ከባድ ነው። ስለዚህ መስኮቱ ከ15 ሴንቲ ሜትር በላይ ወደ ውጭ እንዳይሄድ በውስጥ በኩል አጭር ሰንሰለት ይታሰርለት፤ ያን ጊዜ ጥልቀቱ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን ይበቃል። የሚከፍተው ሰው የላይኛውን ጠርዝ ወደ ራሱ ይስባል እንጂ እጁን በወንፊቱ በኩል ማሳለፍ አያስፈልገውም።

በጥንቱ የእንጨት መስኮት ላይ ግን ሚስማር አይመታ። ወንፊቱ በቀጭን የእንጨት ክፈፍ ተወጥሮ፣ በግድግዳው ውፍረት ውስጥ ባለው ባዶ ስፍራ በሽብልቅ ይጣበቅ፤ ሲፈለግም ያለ ጉዳት ይውጣ። ዛሬ የምንጨምረው ሁሉ ነገ ሊነሣ የሚችል ይሁን። ተሰነጠቀ ወይም ዘመመ ተብሎ የጥንቱ መዝጊያ በላሜራ ሲተካ አይተናል። ጉጡ የተፈለፈለበትን የመጥረቢያ ምልክት የተሸከመ መዝጊያ አንዴ ለማገዶ ከሄደ የሚመልሰው የለም።

የሌሊት ወፍን በሚመለከት፣ መውጫውን የምንዘጋው ልጆቹ መብረር ከጀመሩ በኋላ፣ ምሽት ላይ ሁሉም መውጣታቸውን አይተን ነው። አለዚያ በውስጥ ሞተው ይበሰብሳሉ። ደረቅ ኩሳቸው ሲጠረግ የሚነሣው አቧራ የሳንባ ሕመም ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ አፍና አፍንጫ ተሸፍኖ፣ ኩሱ በጥቂት ውኃ ረጥቦ ይጠረግ፤ ሥዕልና መጻሕፍት ባሉበት ግን ውኃ አይረጭ። በክፍተቱ ንብ ሰፍራ ከሆነም ንብ አናቢ ጠርቶ በቀፎ ማዛወር እንጂ በጭስ መፍጀት አይገባም።

አሁን በመጀመሪያ ወዳነሣነው ደብር እንመለስ። ያ ሥዕል ለምን ሻገተ? በማኅሌትና በቅዳሴ ጊዜ የሕዝቡ እስትንፋስ፣ የጧፉና የዕጣኑ ጭስ ቤቱን ይሞላዋል። ሌሊት ግድግዳው ሲቀዘቅዝ በአየሩ ያለው እርጥበት በላዩ ላይ ወደ ውኃነት ይለወጣል። የመቅደሳችን ሥዕሎች ብዙዎቹ በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥለው በግድግዳው የተለጠፉ ስለሆኑ ጨርቁም ማጣበቂያውም ያን ውኃ ይጠጣሉ። ቀድሞ እርጥበቱ በክፍተቶቹ ይወጣ ነበር፤ እኛ መውጫውን ዘጋንበት። ስለዚህ ዝቅ ያሉትን ክፍተቶች ስትዘጉ ከፍ ካሉት መስኮቶች ፊት ለፊት የሚተያዩ ቢያንስ ሁለቱን ወንፊት አልብሳችሁ ለአየር ተዉ። ገበዙም በጠራ ቀን እኩለ ቀን ላይ መስኮቶቹ እንዲከፈቱ፣ በክረምት ዝናቡ ሳይመጣ እንዲዘጉ ተረኛ ይመድብ።

ስለ ሥርዓቱም እንናገር። ወደ መቅደስ ከቀሳውስትና ከዲያቆናት በቀር የሚገባ የለም፤ የመቅደሱን መስኮት ሊጠግን አናጢ አይገባም። ስለዚህ እያንዳንዱ ደብር እጃቸው ለሥራ የቀና ሁለት ዲያቆናት መርጦ ከአናጢው ጋር በውጭኛው መስኮት ላይ እንዲለማመዱ ያድርግ፤ የውስጡን እነርሱ ይሠሩታል። ከዚህ ጋር በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በቅርስነት በተመዘገበ ሕንፃ ላይ ያለ ፈቃድ ጥገና አይደረግም። እንደ ደብረ ወርቅ ማርያም፣ እንደ ዲማ ጊዮርጊስና እንደ መርጡለ ማርያም ያሉ ጥንታውያን አድባራት ቀርቶ፣ ዕድሜው በውል ያልታወቀ የገጠር ደብርም ቢሆን ከመጀመሩ በፊት ለሀገረ ስብከቱ ያሳውቅ።

በመጨረሻ የምንለምናችሁ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ሰኔ ሳይገባ በጠራ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ በሮችንና መስኮቶችን ዝጉ፤ በጨለማው ቆማችሁ ብርሃን የሚገባበትን ሁሉ ጠፍር ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ፤ ጥርብና ቅብ ባለበት እንጨት ግን አትጻፉበት። ነፋስ ባለበት ቀን ደግሞ የጥጥ ፈትል በመስኮቱ ዙሪያ ይዛችሁ የሚንቀሳቀስበትን ተመልከቱ። ከዚያም በአንድ መዝገብ ሦስት ነገር ጻፉ፤ ክፍተቱ የቱ ጋ እንደ ሆነ፣ ምን እንደሚያስገባ፣ ከምን እንደ መጣ። ሦስተኛው ሳይጻፍ ማንም ሲሚንቶ አያቡካ። መዝገባችሁን ይዛችሁ ብትመጡ አብረን እናየዋለን፤ እንደ ቀድሞውም ሳናይ «መልካም ነው» አንልም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።