ዘር ከልጓም ይስባልን? የእንስሳት ጠባይ ተወራሽነትና መራጭ እርባታ



አበው «ዘር ከልጓም ይስባል» ይላሉ። ዛሬ የምመረምረው ይህ አባባል በሳይንስ ሚዛን ሲለካ የት ድረስ እንደሚያስኬድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1959 የሶቪየቱ የዘረመል ተመራማሪ ዲሚትሪ ቤልያዬቭ በብርማ ቀበሮዎች ላይ ሙከራ ጀመሩ፤ ሥራውም በኖቮሲቢርስክ ተካሄደ። የመምረጫው መስፈርት አንድ ብቻ ነበር፤ ሰው ሲቀርባቸው የሚያሳዩት ጠባይ። በየትውልዱ ከወንዶቹ ከአሥር አንድ የማይሞሉት፣ ከሴቶቹም ከአምስት አንድ ያህሉ ብቻ እንዲራቡ ተደረገ። ቀበሮዎቹ ሥልጠና አልተሰጣቸውም። ሆኖም ከጥቂት ትውልድ በኋላ ሰው ሲያዩ ጅራታቸውን የሚቆሉ፣ እጅ የሚልሱ ቀበሮዎች ተወለዱ። ቤልያዬቭ በ1985 ሲያርፉ ልዩድሚላ ትሩት ሥራውን ቀጠሉ።

«ገራምነቱን ከእናታቸው ተምረውት እንደሆነስ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ይህን ለመለየት ተመራማሪዎቹ የተናካሽ እናት ግልገሎችን ለለማዳ እናት ሰጡ፤ ፅንስንም ከአንዷ ማሕፀን ወደ ሌላዋ አዛወሩ። ግልገሎቹ በአመዛኙ የዘር ወላጆቻቸውን እንጂ አሳዳጊያቸውን አልመሰሉም።

እስከዚህ አባባሉ ይረታል። አሁን ወደ ሌላ እንስሳ እንለፍ። አሜሪካዊው ሮበርት ትራዮን በተወሳሰበ መተላለፊያ ውስጥ መንገዳቸውን ፈጥነው የሚያገኙትንና የሚሳሳቱትን አይጦች ለየብቻ በማራባት ሁለት የተለያዩ ሐረጎችን አስገኙ። በ1958 ግን ኩፐርና ዙቤክ ከእነዚህ ዓይነት ሁለት ሐረጎች የተወለዱ አይጦችን በተለያየ አካባቢ አሳደጉ። ባዶ በሆነ ሣጥን ያደጉት ሁሉ እኩል ተሳሳቱ፤ መጫወቻ በሞላበት ያደጉት ሁሉ ደግሞ ለማለት ይቻላል እኩል ተሳካላቸው። በተለመደው አያያዝ ጎልቶ ይታይ የነበረው ልዩነት በሁለቱም ጠፋ። ዘረመላቸው አልተለወጠም፤ የተለወጠው አካባቢያቸው ነው።

እንግዲህ ተወራሽነት ምንድን ነው? በአንድ መንጋ ውስጥ፣ በአንድ የአያያዝ ሁኔታ፣ በእንስሳቱ መካከል ከሚታየው ልዩነት ምን ያህሉ ከዘረመል ልዩነት እንደሚመነጭ የሚገልጽ መጠን ነው። የተመረጡ ወላጆች ከመንጋው አማካይ በ10 ነጥብ ቢበልጡና ልጆቻቸው በ3 ነጥብ ቢበልጡ፣ ተወራሽነቱ 0.3 ይሆናል። ይህ ቁጥር ስለ አንዲት ላም ዕጣ ፈንታ አይናገርም፤ በሁለት መንጋዎች መካከል ያለው ልዩነት ከየት እንደመጣም አይነግረንም።

ከእናንተ መካከል ነገ በእርባታ ጣቢያ የምትሠሩ አላችሁ። ስትታለብ የምትራገጥ ላም ስታገኙ «ዘሯ ነው» ብላችሁ ከመንጋው ከማስወጣታችሁ በፊት ጡቷ ታምሞ እንደሆነ፣ በጊደርነቷም እንዴት እንደተያዘች ጠይቁ። ጥጃ ለማስቀረት ስትመርጡ ግን ጠባይን ከወተት መጠን ጋር መዝግቡ፤ ያልተመዘገበ ጠባይ አይመረጥምና።

«ዘር» የሚለው ቃል በአገራችን ከበረት ውጭም ይነገራል፤ ሰውን ከነወገኑ ለመፈረጅም ይውላል። በዚያ ቦታ ተወራሽነትን ምስክር አድርጎ የሚጠራ ሰው ሲገጥማችሁ፣ ቁጥሩ የተለካው በየትኛው መንጋ፣ በምንስ ሁኔታ እንደሆነ ጠይቁት። ዘር ይስባል፤ ልጓሙን የያዘው እጅም ይስባል።