ያረጀ መሣሪያ፣ የሚኖር መዝገብ
(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድናገር የተሰጠኝ ጉዳይ አነስተኛ የመረጃ ቋት ላለው ድረ ገጽ የትኛው መሣሪያ ይመረጣል የሚለው ነው። ነገሩ ግልጽ እንዲሆን በኮልፌ ቀራንዮ፣ ከቤቴል እስከ አየር ጤና ባሉት መንደሮች ከሚገኙት እድሮች አንዱን በሐሳባችን እንውሰድ። እድሩ 300 አባላት አሉት እንበል። ጸሐፊው የአባላቱን ስም፣ የቤተሰባቸውን ዝርዝርና ወርሃዊ መዋጯቸውን እስከ ዛሬ በደብተር ሲመዘግብ ኖሯል። አሁን ግን አባሉ በእጅ ስልኩ፣ በውጭ አገር ያለው ልጁም ባለበት ሆኖ፣ መዋጮው መከፈሉን ለማየት ይፈልጋሉ። ሥራው በመጠኑ ትንሽ ነው፤ ዳሩ ግን ሐዘን በደረሰ ዕለት ድንኳኑ የሚተከለውና ገንዘቡ የሚከፈለው በዚህ መዝገብ ምስክርነት ነውና እንደ ቀላል ሊታይ አይገባውም።

ሥራው ለአንድ ወጣት ባለሙያ ቢሰጥ፣ ብዙውን ጊዜ የሚመርጠው የወቅቱን አዲስ መሣሪያ ነው። በዚህ አንወቅሰውም፤ የሥራ ገበያው የሚጠይቀው ይህንኑ ነውና። ይሁን እንጂ ባለሙያው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳል፤ እድሩ ግን ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። እንግዲህ ጥያቄው መሣሪያው ለሠሪው ምን ይጠቅመዋል ብቻ ሳይሆን፣ ተተኪው ሊከፍተውና ሊጠግነው ይችላል ወይ የሚል መሆን አለበት።

በሙያችን ሁለት ዐይነት አሮጌ መኖሩን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው በዕድሜው ብዛት የጋራ ንብረት የሆነው ነው። ኤስኪውኤል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) የ1970ዎቹ ፍሬ ነው፤ ፒኤችፒና ማይኤስኪውኤል በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ ኤስኪውላይት ደግሞ በ2000 ለሕዝብ ቀርበዋል። ሁሉም እስከ ዛሬ ይጠገናሉ፤ የሚያውቃቸውም ባለሙያ በየስፍራው አለ። ሁለተኛው ግን በሠሪው እጅ ብቻ ያለና ሠሪው ሲተወው የሚሞት አሮጌ ነው። ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ አንሄድም። ፊደላችን በዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የግዕዝ ፊደል ማተሚያ ፕሮግራሞች ለየፊደሉ የየራሳቸውን ቁጥር ይሰጡ ስለ ነበር፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር። የቀድሞዎቹን የፓወር ግዕዝና የቪዡዋል ግዕዝ ሰነዶች ለመክፈት የሞከረ ሁሉ ይህን ያውቃል።

የገጹንም ክብደት እናስላ። በዩቲኤፍ-8 አንድ የኢትዮጵያ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። የ300 አባላት ስም፣ ለእያንዳንዱ 20 ፊደል ብንሰጠው፣ 18,000 ባይት ብቻ ነው። ሰርቨሩ ገጹን በቀላል ኤችቲኤምኤል አዘጋጅቶ ቢልከው፣ በደካማ ኔትዎርክና በርካሽ ስልክ ላይ እንኳ በፍጥነት ይከፈታል። ይህን ዝርዝር ለማሳየት ከዝርዝሩ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ የጃቫስክሪፕት ጭነት መላክ፣ ለአባሉ የዳታ ወጪ አለማሰብ ነው።

ከመሣሪያው የተረፈው ጉልበት ወዴት ይሂድ? አዲሱም ሆነ አሮጌው መሣሪያ በራሱ ወደማይፈታልን ወደ ቋንቋችንና ወደ ዘመን አቆጣጠራችን ይሂድ። አንዱ ጸሐፊ «ኃይሉ»፣ ሌላው «ሀይሉ» ብሎ ይጽፋል፤ ለጎረቤት አንድ ሰው ነው፣ ለመረጃ ቋቱ ግን ሁለት። መፍትሔው ስሙን ባለቤቱ እንደሚጽፈው ማስቀመጥ፣ ለፍለጋ ብቻ ደግሞ ሀ፣ ሐ፣ ኀን፣ ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን ወደ አንድ የሚመልስ ሁለተኛ ዐምድ መጨመር ነው። ጥቅምት 30ን በቀን ዐምድ ውስጥ በሁለተኛው ወር 30ኛ ቀን ብለን ብናስገባ፣ ፌብሩዋሪ 30 ቀን የለውምና አይቀበለንም፤ ለጳጉሜንማ ጭራሽ ቦታ የለውም። ስለዚህ ዓመቱን፣ ወሩንና ቀኑን በሦስት የቁጥር ዐምዶች ማስቀመጥ ወይም በትክክል ለውጦ መመዝገብ ግድ ይሆናል።

ይህን ስል አሮጌውን ሁሉ ማመስገኔ አይደለም። የቆዩት የማይኤስኪውኤል ቅጂዎች ጥብቅ ቁጥጥር ካልታዘዘላቸው፣ እንዲህ ያለውን የተሳሳተ ቀን በማስጠንቀቂያ ብቻ አልፈው ዜሮ አድርገው ይመዘግቡት ነበር። ፒኤችፒ 7.4ም የጸጥታ ጥገናው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ተቋርጧል። መሣሪያው አሮጌ፣ ቅጂው ግን ዘወትር የሚጠገን ይሁን። ተጠቃሚ የጻፈውን ቃል ከኤስኪውኤል ትእዛዝ ጋር በቀጥታ ማጣመርም፣ በየትኛውም ዘመን መሣሪያ ቢሆን፣ በሩን ለሌባ መክፈት ነው። ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ አንዱን ሰነድ በጋራ የሚያርሙበት ሥራ ሲሆን ደግሞ አዲሶቹ መሣሪያዎች ተገቢ ቦታ አላቸው።

በመጨረሻም፣ በ2012 ዓ.ም. ከሰኔ 23 ቀን ጀምሮ ለሦስት ሳምንታት ያህል ኢንተርኔት በአገሪቱ ተቋርጦ እንደ ነበር እናስታውስ። ሐዘን ኔትዎርክ እስኪመለስ አይጠብቅም። ኤስኪውላይት መዝገቡን ሁሉ በአንድ ፋይል ስለሚይዝ በፍላሽ ለመገልበጥ ይመቻል፤ ጸሐፊውም በየወሩ ዝርዝሩን በወረቀት አትሞ ቢያኖር ደብተሩ ተሻሽሎ ቀጠለ እንጂ አልጠፋም።

እንግዲህ የሙያ ባልደረቦቼ ሆይ፣ የሥራችን መመዘኛ ባስረከብንበት ቀን የሚሰማው ጭብጨባ አይሁን። የማናውቀው ተተኪ መዝገቡን ከፍቶ የሟችን ስም ያለችግር የሚያገኝበት ቀን ይሁን።