የአምስት ዶላሩ ቀን

ዛሬ ዲትሮይት አጠገብ ወደነበረው የፎርድ መኪና ፋብሪካ ልውሰዳችሁ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1913 ነው። መኪናው በተንቀሳቃሽ መስመር እየተጓዘ ይገጣጠማል፤ ሠራተኛው ግን ካለበት ሳይነቃነቅ ያንኑ ብሎን ሲያጠብቅ ይውላል። ታዲያ ማን ይቆያል? የዓመቱ የሠራተኛ ፍልሰት 370 በመቶ ደረሰ። አንዱ የሥራ ቦታ በዓመት ከሦስት ጊዜ በላይ ሰው ተቀያየረበት እንደማለት ነው።

በ1914 መጀመሪያ ሄንሪ ፎርድ የቀን ክፍያውን በእጥፍ ገደማ አሳድጎ 5 ዶላር አደረሰው፤ የሥራ ሰዓቱንም ከ9 ወደ 8 ቀነሰ። የፋብሪካው በር በሥራ ፈላጊ ተጨናነቀ፤ ፍልሰቱም ወረደ።

ቸርነት እንዳይመስላችሁ፤ ሒሳብ ነው። በየጊዜው አዲስ ሰው መቅጠርና ማለማመድ ገንዘብ ይበላል።

እኔን የሚከነክነኝ ሌላው ገጽታው ነው። ከአምስቱ ዶላር ግማሽ ያህሉ ጉርሻ ነበር። እሱን ለማግኘት የኩባንያው መርማሪዎች ሠራተኛው ቤት ድረስ እየሄዱ ይጠጣል ወይ፣ ይቆጥባል ወይ፣ ቤቱ ንጹሕ ነው ወይ ብለው ያጣሩ ነበር። ደመወዝ ከፍሎ ጓዳ መፈተሽ! ፎርድ ራሱ፣ ዘግይቶም ቢሆን፣ በ1922 በታተመው የሕይወት ታሪኩ በሠራተኛ የግል ጉዳይ ውስጥ መግባት ጊዜ ያለፈበት አሠራር መሆኑን ጽፏል።