የደም ግፊት እስከ ምን ድረስ ይውረድ?



የዛሬው ንግግራችን በተለምዶ «ደም ብዛት» ስለሚባለው ሕመም ነው። ስሙ ያሳስታል፤ ምክንያቱም ሕመሙ ደም በዛ ማለት ሳይሆን፣ ደም በሥሩ ግድግዳ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት ከልክ አለፈ ማለት ነው። ሐኪም ሲለካ ሁለት ቍጥሮች ይጽፋል፤ የላይኛው ልብ ተኰማትሮ ደም በሚረጭበት ጊዜ፣ የታችኛው ልብ በሚያርፍበት ጊዜ ያለውን ግፊት ያመለክታል።

ግፊቱ ለዓመታት ከፍ ብሎ የኖረ እንደ ሆነ ልብን ያደክማል፤ የአንጎልን የደም ሥር ይዘጋል ወይም ያፈነዳል፤ ኵላሊትንም ይጐዳል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ሕመምተኛው ብዙ ጊዜ ምንም የማይሰማው መሆኑ ነው። ምስጥ የበላው ምሰሶ እስኪወድቅ ድረስ ደኅና መስሎ ይታያልና።

እንግዲህ ግፊቱ እስከ ምን ድረስ ይውረድ? ለብዙ ጊዜ የላይኛው ቍጥር ከ140 በታች ከሆነ ይበቃል ይባል ነበር። ይህንኑ ለመመርመር በአሜሪካ «ስፕሪንት» የተባለ ጥናት ተደረገ። የተመረጡት 9,361 ሰዎች ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ በእርጅና፣ በልብ ወይም በኵላሊት ሕመም፣ ወይም በሌላ ምክንያት አደጋው የሚያሰጋቸው ነበሩ። እኩሌቶቹ ከ140 በታች፣ እኩሌቶቹ ከ120 በታች እንዲሆኑ ታከሙ። ጥቅሙ አስቀድሞ ስለ ታወቀ፣ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2015 ሕክምናው ከታሰበው ጊዜ በፊት ቆመ። በመጀመሪያው ወገን 210 ሰዎች ሲሞቱ፣ ግፊታቸው ይበልጥ ከወረደው የሞቱት 155 ነበሩ።

ይህ ግን ያለ ዋጋ የተገኘ አይደለም። ይበልጥ የታከሙት በአማካይ ወደ ሦስት የሚጠጉ የመድኃኒት ዓይነቶች ወስደዋል፤ ራሳቸውን የሳቱና ኵላሊታቸው የተጐዳም በእነርሱ ዘንድ በዝተዋል። በዚያ ጥናት የስኳር ሕመምተኞችና ቀደም ሲል በአንጎል የደም ሥር አደጋ የተጠቁ አልገቡም። ስለዚህ ልኩን የሚወስነው ሰውየውን የሚያውቀው ሐኪም እንጂ የጎረቤት ምክር አይደለም።

ከእናንተ የሚጠበቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ በትክክል መለካት፤ ከመለኪያው በፊት ለግማሽ ሰዓት ቡናና ሲጋራ ይቅር፤ አምስት ደቂቃ በጸጥታ ተቀመጡ፤ ጀርባችሁን አስደግፉ፤ ክንዳችሁም በልብ ትክክል ይረፍ። ሁለተኛ፣ ጨውን መቀነስ፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ሲሆን፣ በወጡና በበርበሬው ውስጥ ያለውም አብሮ ይቈጠራል። ሦስተኛ፣ መድኃኒትን በየቀኑ ሳያቋርጡ መውሰድ።

ይህ ሦስተኛው ብዙዎች የሚሰናከሉበት ነው። ቍጥሩ ሲወርድ «ድኛለሁ» ብለው መድኃኒቱን ይተዋሉ። ነገር ግን ግፊቱን ያወረደው መድኃኒቱ ነው፤ እርሱ ሲቀር ግፊቱም ይመለሳል። ማዞር ወይም ድካም ቢሰማችሁም ለሐኪሙ ተናገሩ፤ መጠኑን ያስተካክላል ወይም ይለውጠዋል። በራሳችሁ ፈቃድ ግን አታቁሙ።

ደኅና ነኝ የሚል ሰው ሁሉ ደኅና መሆኑን የሚያውቀው ሲለካ ነውና፣ ሳትዘገዩ ተለኩ።