ከጊታርና ከበገና የምንማረው
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ፥ በየገጠሩም ቢሆን፥ ክራርና ማሲንቆ የሌለበት የሠርግ ዳስ አይሞቅም። ነገር ግን ተጫዋቹን እያጨበጨበ የሚሸልመው ሰው፥ የገዛ ልጁ ክራር ቢያነሣ «አዝማሪ ልትሆን ነውን?» ብሎ ይቆጣል። እኔም ክራሬን ከጎታ ኋላ ደብቄ ያደግሁ ነኝና፥ ዛሬ ስለ ሁለት ታላላቅ ባለሙያዎች ጥቂት እንድናገር ይፈቀድልኝ። ዓመታቱን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

አንደኛው በ1893 በስፔን አገር በሊናሬስ የተወለደው አንድሬስ ሴጎቪያ ነው። በዚያ ዘመን ጊታር የመጠጥ ቤት መሣሪያ ነው እየተባለ ይናቅ ስለ ነበር ዘመዶቹ አልወደዱለትም። እሱ ግን ራሱ መምህር፥ ራሱም ደቀ መዝሙር ሆኖ ተማረ። በ1935 ባኽ ለቫዮሊን የደረሰውን «ሻኮን» የተባለ ከባድ ድርሰት በፓሪስ በጊታር ተጫወተ። ብዙ ደቀ መዛሙርትንም አፈራ። በ1987 በ94 ዓመቱ ሲሞት፥ ያ የተናቀ መሣሪያ በታላላቅ የሙዚቃ ትምህርት ቤቶች የሚሰጥ ትምህርት ሆኖ ነበር።

ሁለተኛው የአገራችን ሰው አቶ ዓለሙ አጋ ናቸው። በገና እንደ ጊታር የተናቀ አልነበረም፤ የንጉሥ ዳዊት መሣሪያ እየተባለ ሲከበር የኖረ ነው። 10 አውታሮቹ በጥንቱ ልማድ ከአንጀት ይሠራሉ፤ ድምፁንም እንደ ንብ የምታስገመግመው ከየአውታሩ ሥር የምትገባ እንዝራ የተባለች ቁራጭ ቆዳ ናት። አቶ ዓለሙ በ1950 በእንጦጦ ተወልደው፥ በ12 ዓመታቸው ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ድርደራን ተማሩ። በዩኒቨርሲቲ ጂኦግራፊ ካጠኑ በኋላም በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና አስተማሩ። በደርግ ዘመን፥ በ1980 ገደማ፥ ያ ትምህርት ተቋረጠ። ስንት ዘመን የተከበረው መሣሪያ ተማሪ አልባ ሊቀር ምንም አልቀረውም ነበር። እሳቸው ግን በገናቸውን ሰቅለው አልተዉትም፤ ኋላም ድርደራቸው በተቀረጸ ድምፅና በመድረክ እስከ አውሮፓ ተሰማ። ዛሬ በአዲስ አበባ በገና የሚማሩ ወጣቶች ብዙዎች ናቸው።

እንግዲህ ንቀት ጊታርን አልገደለውም፤ ክብር ብቻውንም በገናን አላዳነውም። ሁለቱን ያቆማቸው የሚተጋ ተማሪና የማይሰለች መምህር ነው። ይህን ጎጃሜ ሊነገረው አይገባም። የቆሎ ተማሪ ቅኔ ፍለጋ ከእናት ከአባቱ ተለይቶ፥ ደበሎ ለብሶ፥ ለምኖ እየበላ ወደ ዋሸራ ይሄድ የለምን? ለቅኔ የሚደክም ከተመሰገነ፥ ለክራር የሚደክም ስለ ምን ያፍራል?

ስለዚህ ወላጆቻችን ሆይ፥ ልጃችሁ ክራር ቢያነሣ ከመቆጣታችሁ በፊት አንድ ጊዜ አድምጡት። ጓደኞቼ ሆይ፥ ለክረምት ወደየአገራችሁ ስትገቡ በቀበሌው ያሉትን ሽማግሌ ባለክራር ፈልጉ፤ ከእግራቸው ሥር ተቀምጣችሁ ትዝታን፥ ባቲን፥ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን እንዴት እንደሚቃኙ ጠይቁ። እሳቸው ካለፉ በኋላ የሚጠየቅ አይገኝም።

እኔም ትምህርት ሲዘጋ ክራሬን ከጎታው ኋላ አውጥቼ በአባቴ ፊት ልጫወት ቆርጫለሁ። ምን እንደሚሉኝ አላውቅም፤ ነገር ግን ከእንግዲህ ወዲያ አልደብቀውም።