ስለ ድንገተኛ የኩላሊት ሕመምና ስለ እጥበት ለእድራችን አባላት የተደረገ ንግግር



ባለፈው ስብሰባ ተነሥቶ ሳይቋጭ የቀረ ጉዳይ አለ። በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም ፈሷት ኩላሊቷ ሥራ ያቆመባት ጎረቤታችን እጥበት ላይ ናት። መዋጮ ይደረግላት ሲባል «እጥበት ከገባች ዕድሜ ልኳን ነው፣ ገንዘቡ ገደል መግባቱ ነው» ያሉ ነበሩ። እውነቱን ለመናገር እኛ የኮሚቴው ሰዎችም እንደዚያው ነበር የምናስበው። ስለዚህ ሄደን ሐኪም ጠየቅን፤ በገባን መጠን እንናገራለን።

በስኳርና በደም ብዛት ለዓመታት የደከመ ኩላሊት እጥበት ከጀመረ፣ ንቅለ ተከላ ካላገኘ በቀር አብዛኛውን ጊዜ አይላቀቅም። የእርሷ ግን ድንገተኛው ነው። ደም ሲፈስ፣ ተቅማጥ ሲበረታ፣ ወባ ሲጠና ኩላሊት በቀናት ውስጥ ሥራ ያቆማል፤ ብዙ ጊዜም ተመልሶ ይሠራል። መኪናው ኩላሊቱን አይፈውስም፤ እስኪያገግም ደሙን ያጥብለታል እንጂ። እግሩ የተሰበረ ሰው እንደሚይዘው ምርኩዝ ነው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1945 ሆላንድ ውስጥ ዶክተር ኮልፍ በሠራው መኪና መጀመሪያ የዳነችው የ67 ዓመት ሴትም ሕመሟ ድንገተኛ ነበር። ራሷን ስታ ገብታ ነቃች፤ ከዚያ ወዲያ ሰባት ዓመት ያህል ኖራለች። ከእርሷ በፊት የተሞከረባቸው አብዛኞቹ ሞተው ነበር።

ሁሉም ይድናል አንልም። በጽኑ ሕሙማን ክፍል ሆነው እጥበት ከሚያስፈልጋቸው ግማሽ ያህሉ ይሞታሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚገድላቸው መነሻው በሽታ ነው። ከተረፉት ግን አብዛኞቹ ከመኪናው ይላቀቃሉ። ሐኪሞች እስከ ሦስት ወር ይጠብቃሉ።

እርሷ አምስተኛ ሳምንቷ ነው። ሽንቷ በየቀኑ ይለካል፤ ሰሞኑን መጨመር ጀምሯል። (ሳቅ የሰማን መሰለን፤ ለዚያ ቤት ግን ከዚህ የበለጠ የምሥራች የለም።) ባለቤቷ ገንዘብ አልቆበት ሊያስወጣት ነበር። አሁን ቢቋረጥ ፖታሲየም የሚባለው ጨው ደሟ ውስጥ ተጠራቅሞ ልቧን ሊያቆም ይችላል።

ደንባችን ለቀብር እንጂ ለሕክምና አይፈቅድም። ብትሞት ድንኳን ጥለን፣ ንፍሮ ቀቅለን፣ ገንዘቡን ለባሏ እንሰጣለን። በሕይወት ሳለች ግን ሳጥናችን ዝግ ነው። ይህ እኛን አሳፍሮናል።

ደንቡ እንዲሻሻል የፊታችን እሑድ ከጧቱ በ3 ሰዓት ድምፅ ይሰጣል። እስከዚያ ለሚቀጥሉት እጥበቶች የፈቃድ መዋጮ መዝገብ ገንዘብ ያዣችን ዘንድ ተከፍቷል። ድና ስትመለስም የምትጠይቋት እናቶች፣ ወገቤን አመመኝ ብትል ዲክሎፌናክ ከቤታችሁ አውጥታችሁ አትስጧት፤ ኩላሊት ይጎዳል፣ ሐኪሟን ትጠይቅ።